ዘንጉ ስንት ሴንቲ ነው? ለሞተር ጉዞ ድንኳን የተመረጠበት አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ወዳጄ ነው። የሚነዳው ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ነው። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚችል፣ ቀጠን ያለ፣ ነዳጅ ተሞልቶ 142 ኪሎ የሚመዝን ሞተር። ብቻውን ነው የሚጓዘው። ሁለት የጨርቅ የጎን ቦርሳዎች አሉት፤ ከኋላ ደግሞ ትንሽ የብረት መጫኛ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ86 ነው፤ ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልገናል።

ከዚህ በፊት ይዞ ይዞር የነበረው የመኪና ጉዞ ድንኳን ነው። ሰፊ ነው፣ ዝናብም አያስገባም። ችግሩ ተጠቅልሎ ከ60 ሴንቲ በላይ መርዘሙ ነው። ከመቀመጫው ኋላ አግድም ሲታሰር በሁለቱም በኩል ይወጣል። ጠባብ መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ወዳጄ እግሩን አዙሮ ሊወርድ ሲል ጫማው ይመታዋል። ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውልና አንዱ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ጎማው ያዘቀዝቃል። ቆሞ ማጥበቅ፣ እንደገና ቆሞ ማጥበቅ ሰለቸው።

አዲስ ሊገዛ ሲያስብ እንዳማክረው ጠየቀኝ። ይዞት የመጣው ዝርዝር በክብደት የተደረደረ ነበር። ቀላሉ ከላይ፣ ከባዱ ከታች። አይፈረድበትም። ስለ ድንኳን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለእግር ተጓዥ የተጻፈ ነው። እግር ተጓዥ እያንዳንዷን ግራም በጀርባው ይሸከማታል። ሞተረኛ ግን የሚሸከምለት አለው። ግማሽ ኪሎ ቢጨመር 142 ኪሎ ሞተር ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው የጭነቱ ቅርጽና የታሰረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ገና ከመጀመሪያው ነገርኩት። ድንኳኑን የሚያቆመው ዘንግ ሲታጠፍ አንዱ ቁራጭ ስንት ሴንቲ እንደሚሆን ጠይቅ፤ ክብደቱ ከዚያ በኋላ ይታያል አልኩት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨርቅ ይጨመቃል። ይታጠፋል፣ ይጠቀጠቃል፣ ያገኘውን ጥግ ይሞላል። ዘንግ አይጨመቅም። የታሸገ ድንኳን ርዝመት የሚወሰነው ከዘንጉ ቁራጮች በአንዱ ርዝመት ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን መለካት

ወደ ድንኳኖቹ ከመሄዳችን በፊት የሞተሩን መመሪያ ከፈትን። ማንኛውም ሞተር ከፍተኛ የጭነት ልክ አለው። ልኩ ሻንጣውን ብቻ አይመለከትም። ነጂው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፣ ልብሱ፣ ሄልሜቱ፣ በኋላ የተገጠመው መጫኛ ሳይቀር ተደምሮ ነው። ትናንሽ ሞተሮች ላይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 180 ኪሎ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ወዳጄ ልብሱን፣ ጫማውንና ሄልሜቱን አድርጎ ሚዛን ላይ ሲወጣ 94 ኪሎ ሆነ። ቦርሳዎቹና መጫኛው ባዶአቸውንም ጥቂት ኪሎ አላቸው። ውሃ፣ ምግብ፣ መፍቻ፣ የጎማ መጠገኛ፣ ማብሰያ፣ ልብስ ሲጨመርበት ለድንኳኑ የሚቀረው በቂ ነው። ግን እንደልብ አይደለም።

ከዚያ የሚመጣው የቦታ ጉዳይ ነው። ከኋላ ጎማው መሀል አልፎ ወደ ኋላ የተቀመጠ ጭነት የሞተሩን ፊት ያነሳል። የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ ካልተጫነ መሪው ይቀላል፤ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በቀላል ሞተር ላይ ይህ ቶሎ ይታወቃል። የኋላ መጫኛው ጫፍ ላይ የታሰረ 3 ኪሎና ጎን ቦርሳ ውስጥ ዝቅ ብሎ የገባ 3 ኪሎ እኩል አይደሉም። መጫኛው ራሱም ልክ አለው። እንዲህ ያለ ትንሽ መጫኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፤ ከመቀመጫው ጀርባ በሁለት ብሎን ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ የሚመታውም እሱ ነው።

ስለዚህ ድንኳኑ የጎን ቦርሳ ውስጥ እንዲገባ ወሰንን። ካልገባ ደግሞ ከመቀመጫው ኋላ፣ ከነጂው ወገብ ጋር ተጠግቶ።

ቦርሳውን የለካነው በዱላ ነው። ይህን ለማንም እመክራለሁ። ቦርሳው ላይ የተጻፈው ሊትር ስለ ርዝመት የሚነግረን ነገር የለም። የውጭ ርዝመቱም ያታልላል፤ ጥጎቹ ክብ ናቸው፣ አፉ ተጠቅልሎ ሲዘጋ ደግሞ ከላይ ይጠባል። ወዳጄ ቀጥ ያለ ዱላ ቆረጠ። ቦርሳውን ሞተሩ ላይ እንደታሰረ፣ የዝናብ ልብሱ ከታች እንዳለ፣ ዱላውን አስገብቶ አፉን ለመዝጋት ሞከረ። አልዘጋ ሲለው ጫፉን ቆረጠ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ቆረጠ። አፉ ሳይጨናነቅ ሦስት ዙር ተጠቅልሎ የተዘጋው ዱላው 36 ሴንቲ ሲደርስ ነው። ከውጭ ሲለካ ያው ቦርሳ ከ40 ሴንቲ በላይ ነበር።

ይህ የግራው ቦርሳ ነው። የቀኙ ሌላ ታሪክ አለው። በዚህ ሞተር ላይ ማርሚታው በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ናይለን እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ፖሊስተርም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ከመቅለጣቸው በፊት ይለሰልሳሉ። የቦርሳው ሆድ በጭነት ተነፍቶ ማርሚታውን ከነካ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሌሊት ኮከብ እያየ ያድራል። በዚያ በኩል የሙቀት መከላከያ ተደረገ፤ ውስጡም መፍቻውና የብረት ማብሰያው ገቡ። ድንኳኑ ግራ ላይ ቀረ።

ሦስት ዓይነት ድንኳን

ዱላው እጃችን ላይ ከሆነ በኋላ ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ አጠረ። ለሁለት ሰው ከሚሠሩት የታወቁ ድንኳኖች ብዙዎቹ ዘንጋቸው ሲታጠፍ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ነው። በብዙ ተጓዦች የሚወደደው የኤምኤስአር ሃባ ሃባ እንኳ በመደበኛው ሥሪቱ ሲታሸግ ከ45 ሴንቲ አያንስም። ለጀርባ ቦርሳ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ቁሙን ይገባል። ለ36 ሴንቲ ቦርሳ ግን አይሆንም።

ከዝርዝሩ ላይ አንደኛው ዓይነት በስም ለሞተረኛ የተሠራው ነው። እንደ ሬድቨርዝ ያሉ አምራቾች ሞተሩን ራሱን የሚያስገባ ክፍል ያለው ድንኳን ይሠራሉ። ሰው ቆሞ ልብስ ይቀይርበታል፣ ወንበር ዘርግቶ ይቀመጥበታል። ዝናብ በበዛበት አገር አንድ ቦታ ሰንብቶ ለሚያርፍ ሰው እውነትም ምቹ ነው። ክብደቱ ግን ከ5 ኪሎ ያልፋል፣ ታሽጎም ግዙፍ ነው። ከጎኑ የብረት ሣጥን ላለው ትልቅ ሞተር ያስኬዳል። ለወዳጄ ሞተር ስሙ እንጂ ነገሩ አልገጠመም። በየቀኑ እየነቀለ የሚሄድ ሰው በየማታው ያን ያህል ሸራ መትከል አለበት፤ መሬቱም ያን ያህል ሰፊና ለጥ ያለ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ከአንድ ኪሎ በታች የሆነው ነው። ወዳጄ ዝርዝሩ ላይ ከላይ ያስቀመጠው እሱን ነበር። የራሱ ዘንግ የለውም። እግር ተጓዡ በእጁ በሚይዘው መደገፊያ ዱላ ይቆማል፤ ቅርጹን የሚይዘው በዙሪያው በተተከሉት ካስማዎች ነው። ዘንግ ከሌለው የርዝመት ጣጣ የለም ማለት ነው፤ ያጓጓል። ሞተረኛ ግን መደገፊያ ዱላ አይዝም። የሚታጠፍ ዘንግ ለብቻ ገዝቶ መያዝ ይቻላል። ዋናው ችግር መሬቱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ስለሆነ። ሞተር የሚቆመው ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ለስላሳ አፈር፣ ረግረግ፣ ወፍራም ሣር ላይ የጎን ማቆሚያው ይሰምጣል፤ ሞተሩም ይወድቃል። ስለዚህ ሞተረኛ ሳያስበው ጠንካራ ቦታ ይፈልጋል። ጠጠር፣ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ድንጋያማ ጥግ፣ አንዳንዴም ሲሚንቶ። ለማቆሚያው የሚመች መሬት ለካስማ አይመችም። ካስማው ይጣመማል፣ ወይ ግማሹ ገብቶ ይቆማል። ካስማ ካልያዘለት የማይቆም ድንኳን እንዲህ ባለ መሬት ላይ ማታ ማታ የሚያስመርር ሥራ ይሆናል። እግር ተጓዥ ለድንኳኑ የሚሆን መሬት ፈልጎ ይሰፍራል። ሞተረኛ ሞተሩ የተስማማበት ቦታ ነው የሚያድረው።

ሦስተኛው ዓይነት ይህን ይመልሳል። ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ተሻግረው ተጣምረው ያለ ካስማ በራሱ የሚቆም ድንኳን። ከተተከለ በኋላ አንስቶ ማዞር፣ ወደ ጥላ ማስጠጋት፣ ጠዋት ገልብጦ አፈሩን ማራገፍ ይቻላል። የመግቢያው መጠለያ ግን አሁንም መወጠር ይፈልጋል፤ "በራሱ ይቆማል" ማለት ነፋስ አይወስደውም ማለት አይደለም። ባዶውን የተተወ ድንኳን በመጀመሪያው ንፋስ ተንከባሎ ይሄዳል።

የመኝታ ከረጢት ሽፋንና በሁለት ዛፍ መሀል የሚታሰር አልጋም ተነስተው ነበር። የመጀመሪያው የመንዳት ልብስ መቀየሪያ የለውም፣ ሁለተኛው ዛፍ ይፈልጋል። ብዙም አላቆዩንም።

ወለሉ ላይ የተሳለው ድንኳን

"የሁለት ሰው" የሚባለው ድንኳን ውስጡ ብዙውን ጊዜ 130 ሴንቲ በ210 ወይም 220 ነው። አንድ መደበኛ የሚነፋ ፍራሽ 51 ሴንቲ ይሰፋል፤ ሰፊው 64። ሁለት ሰው ይተኛል ሲባል ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ዕቃው ውጭ ቀርቶ ነው። ወዳጄ ብቻውን ስለሆነ መጀመሪያ የአንድ ሰው ድንኳን ነበር የፈለገው። ያነሰ ጨርቅ፣ ያነሰ ዕቃ።

ቤቱ ወለል ላይ በፕላስተር ሁለት አራት ማዕዘን ሳልን። አንዱ የአንድ ሰው፣ ሌላው የሁለት ሰው ልክ። ፍራሹን ነፋ፣ አነጠፈ፣ ተኛ። ከዚያ የሞተረኛ ዕቃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ጃኬቱ ትከሻና ክርን ላይ መከላከያ ስላለው አይታጠፍም። ሱሪውም ጉልበቱ ላይ እንደዚያው ነው። ሄልሜቱ ውጭ ማደር የለበትም፤ ጤዛ ይጠጣል፣ ነፍሳትም ይገቡበታል። በአንድ ሰው ልክ ውስጥ ሄልሜቱ እግሩ ሥር፣ ጃኬቱ ሆዱ ላይ ሆነ። በሁለት ሰው ልክ ውስጥ ሁሉም ከጎኑ ተሰልፎ ክርኑን ዘርግቶ ተኛ። በሁለቱ መሀል ያለው የክብደት ልዩነት ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ለሞተረኛ ይህ ጥያቄ እንኳ መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ከወለሉ ስፋት ይልቅ ያስቸገረን ግን የወዳጄ ቁመት ነበር። 1 ሜትር ከ86 የሆነ ሰው በ215 ሴንቲ ድንኳን ውስጥ የሚገባ ይመስላል፤ ወለሉ ላይ ሲታይ 29 ሴንቲ ይተርፋል። ነገር ግን ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የሚነፋ ፍራሽ ደግሞ ሰውን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ከፍ ያደርገዋል። እዚያ ከፍታ ላይ የሚቀረው ርዝመት ከወለሉ ያነሰ ነው። የእግሩ ጫፍ ወይ ግንባሩ ጨርቁን ይነካል። ሌሊት ትንፋሹ ጨርቁ ላይ ጠል ሆኖ ስለሚያርፍ የነካው ሁሉ ይረጥባል። ስሊፒንግ ባጉ እግሩ በኩል የሚረጥብ ሰው ካለ ዝናብ ገባ ብሎ ድንኳኑን ከመውቀሱ በፊት ይህን ይይ። ረጅም ሰው ከራስጌና ከግርጌ ግድግዳው ቆም ያለ ድንኳን ይፈልግ። ሁለታችንም በዚህ መለኪያ አንድ ቀላልና ቆንጆ ድንኳን ሰረዝን፤ እግሩ በኩል እየጠበበና እየዘቀዘቀ የሚሄድ ስለነበረ።

የጨርቁ ነገር

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዱ ቢግ አግነስ የተባለው አምራች ለብስክሌት ተጓዦች ያዘጋጀው ነው። ዘንጉ ሆን ተብሎ 30 ሴንቲ ገደማ እንዲሆን ተቆራርጧል፤ የብስክሌት መሪ ላይ እንዲታሰር ነው እንዲህ የተደረገው። ለሞተረኛም እንዳለ ይሆናል። በጣም ቀላል ነው፣ በጣም ውድም ነው። ሌላው 2 ኪሎ ከ400 የሚመዝን፣ ዘንጉ 35 ሴንቲ የሆነ፣ ከፖሊስተር የተሠራ ነው። ከዱላው በአንድ ሴንቲ አጠረ።

የአጭር ዘንግ ዋጋ መጋጠሚያው መብዛቱ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ክብደት ይጨምራል፤ አሸዋ የሚገባበት፣ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ የሚሰነጠቅበት ቦታም እሱ ነው። ሁለቱም ዘንጋቸው አሉሚኒየም ስለነበር እዚህ ላይ አልተለያዩም። ፋይበርግላስ ቢሆን ኖሮ እኔ እምቢ እል ነበር። ሲሰበር ይሰነጣጠቅና ጨርቁን ይወጋል። አሉሚኒየም ሲጎብጥ መንገድ ላይ ማቃናት ወይም አጭር ቱቦ አልብሶ ማሳደር ይቻላል።

የተለያዩት በጨርቁ ነው። የቀላሉ ወለል 20 ዴኒየር ክር ነው። ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክሩ ይቀጥናል። ከከባዱ ጋር በእጅ ሲዳሰስ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ናይለን ከፖሊስተር ጋር ሲነጻጸር ቢጎተት ቶሎ አይቀደድም፣ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ሲረጥብ ይረዝምና ማታ የወጠሩት ሸራ እኩለ ሌሊት ላይ ረግቦ ይገኛል። ፖሊስተር ብዙም አይረግብም፣ ፀሐይም ቶሎ አያበላሸውም። ቦታ እየቀያየረ ፀሐይ ላይ ተክሎ ለሚተው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የውሃ መከላከያው የሚጻፈው በሚሊ ሜትር ነው። 3,000 ሲባል ጨርቁ ከላዩ የቆመ 3,000 ሚሊ ሜትር ውሃ እስኪሆን ድረስ አያሳልፍም ማለት ነው። ለላይኛው ሸራ 1,500ም ዝናብ ይከለክላል። ወለሉ ግን የሰው ጉልበት ይጫነዋል፤ ተንበርክኮ ሱሪ የሚያወልቅ ሰው አንድ ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከዝናብ ጠብታ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ወለሉ ላይ ፈለግን። ከባዱ በዚህም በለጠ።

ወዳጄ ከባዱን መረጠ። ቀላሉ በክብደት አንድ ኪሎ ገደማ ይሻለው ነበር። እኔም እሱ በሆንኩ ከባዱኑ እመርጥ ነበር። ለብስክሌተኛ ቀላሉን እመርጥለታለሁ፤ የራሱ እግር ነውና የሚያንቀሳቅሰው።

በዝናብ መትከል

ከመንገድ በፊት አንድ ፈተና ቀረ። ዝናብ እየጣለ ግቢ ውስጥ እንዲተክለው ነገርኩት። የመንዳት ልብሱን ሳያወልቅ፣ ጓንቱ እንደረጠበ። ሞተረኛ ካምፕ የሚደርሰው እንዲህ ሆኖ ነው። እጁ ደንዝዟል፣ ጆሮው አሁንም የነፋስ ድምፅ ይሰማዋል፣ ጉልበቱ መከላከያው ውስጥ እንደ ልብ አይታጠፍም።

ብዙ ባለ ሁለት ሽፋን ድንኳኖች መጀመሪያ የውስጡን ክፍል አቁመው ነው ከላይ ሸራ የሚያለብሱት። የውስጡ ጣሪያ መረብ ነው። ሸራው እስኪመጣ ድረስ ዝናቡ በመረቡ አልፎ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። የተመረጠው ድንኳን ከሥር የሚነጠፍ ለብቻው የሚሸጥ ሸራ አለው። ዘንጎቹን እሱ ላይ ሰክቶ ላይኛውን ሸራ አስቀድሞ ማልበስ ይቻላል። ከዚያ ሰውየው ከሥር ገብቶ የውስጡን ያንጠለጥላል። ይህ ሸራ ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ ግን ዝናብ ላይ ሲተከል ያየሁት ሰው እንደመሆኔ ከድንኳኑ አብሮ ይገዛ እላለሁ።

የዘንጎቹ ጫፍና የማዕዘኖቹ ቀለበት በቀለም ተጣምረዋል፤ ቀይ ከቀይ። በጓንት ለሚሠራ ሰው ይህ ጌጥ አይደለም። አንድ ያስቸገረው ነገር የሸራው መንጠቆ ትንሽ መሆኑ ነው። በወፍራም ጓንት አይያዝም። እያንዳንዱ መንጠቆ ላይ አጭር ገመድ ቋጠረበት፤ ተፈታ።

መንገድ ላይ የታየው

በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ያደረበት ቦታ ጠጠር ነበር። ካስማ አልገባም። ያደረገውን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማልና። የገመዱን ቀለበት በካስማ አሾልኮ ካስማውን መሬት ላይ አግድም አስተኛው። ከካስማው ፊት፣ በድንኳኑ በኩል፣ ገመዱ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫነበት። ገመዱ ሲሳብ ካስማው መጥቶ ከድንጋዩ ኋላ ይያዛል። ቀለበቱን ድንጋይ ላይ ዝም ብሎ ከመጠምጠም ይሻላል፤ ስለታም ድንጋይ ገመዱን ይበላዋል። ሌሊቱን ነፋስ ነበር፤ ድንኳኑ ጎበጥ ቀና እያለ አደረ እንጂ ቦታውን አልለቀቀም።

ሞተሩን ያቆመበትም ቦታ ታስቦበት ነው። ሞተር በጎን ማቆሚያው ላይ ወደ ግራ አጋድሎ ነው የሚቆመው። ማቆሚያው ሌሊት ከሰመጠ የሚወድቀው ወደ ግራ ነው። ድንኳኑ ከሞተሩ በስተቀኝ ተተከለ። ነፋስ በሌላ በኩል ሊገፋው ስለሚችል ደግሞ ከሞተሩ ቁመት ያላነሰ ርቀት ተተወ። ከማቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ገባ። የድንኳኑን ገመድ ሞተሩ ላይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም። ከወደቀ ድንኳኑን ይዞ ነው የሚወድቀው። ማብሰያውም ከሞተሩ ይራቅ፣ የነዳጅ ትነት አይታይም። ድንኳን ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አይለኮስ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከንዝረት ነው። ድንኳኑ ሲገዛ ጨርቁ፣ ዘንጉና ካስማው በአንድ ከረጢት ነበር። ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሞተር ግን በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ምት ይመታል፣ ኮረኮንች ላይ ደግሞ ይብሳል። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ወዳጄ ላይኛውን ሸራ ወደ ብርሃን ሲያነሳው አንድ እጥፋት ላይ የደበዘዘ ቦታ አየ። ካስማዎቹ ነበሩ። ሽፋኑን እንደ ሞረድ ፍቀውታል። ገና አልተበሳም፣ ውሃ ግን ማሳለፍ ጀምሯል።

ያ ቀን ዕቃው ተለያየ። ካስማዎቹ በወፍራም ከረጢት ሆነው ከመፍቻዎቹ ጋር ቀኝ ቦርሳ ገቡ። ዘንጎቹ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልለው በግራው ቦርሳ ጎን ቆሙ። ጨርቁ ከከረጢቱ ወጥቶ እንዲሁ እየተጠቀጠቀ ይገባል። ይህ ሌላም ጥቅም አመጣ፦ ጨርቁ በየጊዜው በሌላ ቦታ ስለሚታጠፍ አንድ መስመር ላይ አይሰነጠቅም።

ሁለተኛው ማስተካከያ እርጥበት ነው። ጠዋት ላይኛው ሸራ በጤዛ ወይ በዝናብ ርሶ ይነቀላል። ከደረቁ ከውስጠኛው ክፍል ጋር አብሮ ከታሸገ ማታ ሁለቱም እርጥብ ናቸው። አሁን የረጠበው ሸራ ለብቻው ውሃ በማያስገባ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ከመቀመጫው ኋላ ላይ ይታሰራል፤ ምሳ ላይ ሲያርፍ ቁጥቋጦ ላይ ጣል ያደርገዋል። ቤት ሲደርስ ደግሞ ደርቆ ነው የሚቀመጠው። እርጥብ ሆኖ የሚከርም ድንኳን ላይ የውስጡ ሽፋን ይበሰብሳል፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል። አንዴ ከጀመረው አይመለስም።

ማሰሪያውም ተቀይሯል። መንጠቆ ያለው ላስቲክ ወጥቶ ጠፍጣፋ፣ ዘለበት ያለው ማሰሪያ ገባ። የማሰሪያው ትርፍ ጫፍ ተጠቅልሎ ይሰካል። ተንጠልጥሎ ካቴናው ወይም ጎማው ውስጥ ከገባ የሚከተለው የኋላ ጎማ መቆለፍ ነው።

የደበዘዘውን ቦታ መለጠፍ ቀረ። ድንኳኑ ከውስጥ ፖሊዩሪቴን በሚባል ፕላስቲክ ስለተለበጠ በውስጥ በኩል ተራው ልጣፊ ይይዝለታል። ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ላይ ቢሆን ይህ ልጣፊ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም ነበር፤ የሚይዘው ሲሊኮን ማጣበቂያ ብቻ ነው። ወዳጄ ቦታውን በአልኮል ጠርጎ፣ ልጣፊውን ጥጎቹን ክብ አድርጎ ቆርጦ ለጠፈው። ጥጉ ሹል የሆነ ልጣፊ ከጥጉ ነው መላጥ የሚጀምረው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክፉ ዝናብ አልፎበታል፤ በዚያ በኩል ውሃ አልገባም።